ዜማውና የቀትር እንቅልፍ

ከምሳ በኋላ የአፀደ ሕፃናቱ ክፍል ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሰማያዊው መጋረጃ ሲሳብ ብርሃኑ ይለዝባል፤ ወለሉ ላይ በተነጠፉት ትንንሽ ፍራሾች ላይ ሕፃናቱ አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በሆዱ፣ አንዷ ጫማዬን አላስቀምጥም ብላ እንደታቀፈች ይጋደማሉ። መምህርታቸው በመካከላቸው አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በለሆሳስ ታዜማለች። ባልደረቦቿ «እሹሩሩ» ይሏታል። ስሙ ለቀልድ የወጣ ነበር፤ እያደር ግን ርእሰ መምህሯ ሳይቀሩ በስብሰባ መሀል «እሹሩሩስ ምን ትላለች?» ማለት ጀመሩ።

እሷም ስሙን አልጠላችውም። በልጅነቷ እናቷ እሹሩሩ እያሉ ያዜሙላት ነበር። እናቷ ካረፉ ወዲህ ፊታቸው ከሐሳቧ እየደበዘዘ ቢሄድም ዜማው አልደበዘዘም። ስለዚህ ሥራዋን ሳትለቅ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ለመመረቂያ ጽሑፏ ሌላ ርእስ አልታያትም፤ ዜማ ሕፃናትን በቀትር ቶሎ እንደሚያስተኛ ላረጋግጥ ብላ ተነሣች። አንዳንድ ቀን ታዜማለች፣ አንዳንድ ቀን እዚያው በርጩማ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ረዳቷ በሩ ሥር ሆና የትኛው ልጅ መቼ እንዳሸለበ ትመዘግባለች። ዓመቱ በዚህ አለፈ። ጽሑፉ ተጠርዞ ቤት ሲገባ ታላቅ እህቷ በሁለት እጇ አንሥታ መዘነችውና፣ ይሄስ ራሱ ትራስ ይሆናል ብላ ሳቀችባት።

ከተመረቀች በኋላ አማካሪዋ ጠሯት። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ቢሯቸው ውስጥ መጻሕፍቱ እስከ መስኮቱ ተቆልለው የሚገባው ብርሃን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ጽሑፉን ወደ ጆርናል እንድትልከው ፈለጉ። እሷም ከየትኛው ምዕራፍ ልቁረጥ ስትል ጠየቀች።

«መመረቂያ ጽሑፍ ምን ያህል እንዳነበብሽ ለእኛ ለመምህሮችሽ የምታሳዪበት ነው» አሏት። «ጆርናል የሚያነበው ሰው ግን አያውቅሽም፤ ሊፈትንሽም አልተቀመጠም። አንድ ነገር ንገሪውና ወደ ሥራው ልቀቂው።»

እሷ ያ አንድ ነገር ሁለተኛው ምዕራፍ እንዲሆን ትመኝ ነበር፤ በየአገሩ እናቶች ልጅ ሲያስተኙ ምን እንደሚያዜሙ የተነተነችበትን፣ አንጀቷን የሰጠችውን ምዕራፍ። እሳቸው ግን አራተኛውን ገለጡና ከግርጌው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ሕፃናቱ ሲዜምላቸውም ሳይዜምላቸውም እኩል ጊዜ ውስጥ እንዳሸለቡ ይናገራል። ጽፋው ስታበቃ ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች ከምራበት ነበር።

«እሱማ አልሳካ ያለኝ ነገር ነው» አለች።

«ያገኘሽው ነገር ነው» አሏት።

ቅር ብሏት ወጣች። ክረምቱ እስኪያልፍ ጽሑፉን አልነካችውም። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የቤታቸው የፊት ክፍል ሁለት መስተዋትና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አለው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ እዚያ ጥግ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የማድረቂያው ድምፅ እንደ ንብ ሲያጉተመትም እሷንም እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ሕፃናቱ በየፍራሻቸው ሆነው ጸጥ ባለ ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ አየች። እሷ ከዳር ቆማ ታዜማለች፤ ማንም አይሰማትም፤ ሁሉም አስቀድመው ተኝተዋል። ስትነቃ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?» አለቻት እህቷ፣ ማበጠሪያውን ሳታስቀምጥ።

ነገረቻት። የእናታችን ዜማ ምንም አልሠራም ብዬ በገዛ እጄ እንዴት ልጻፍ አለች።

እህቷ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። «እማዬ አንቺን ለማስተኛት የምታዜም መስሎሽ ነው? አንቺ እኮ ትራስ ሳይነካሽ ነበር ጭልጥ የምትይው። አንቺ ተኝተሽ እሷ ትቀጥል ነበር። እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው የምሰማው። ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ፣ ለነፍሷ የምታዜመው እሱን ብቻ ነበር።»

ለካ እሹሩሩ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው የዜማውን መጀመሪያ ኖሯል። እንዴት እንደሚያልቅ እህቷን ጠየቀቻት፤ እህቷም ዜማው አያልቅም፣ እየቀጠነ ሄዶ ትንፋሽ ይሆናል አለቻት።

በማግስቱ ጽሑፉን ከፈተች። ያን የምትወደውን ሁለተኛ ምዕራፍ ወደ አንድ አንቀጽ ስታወርደው ጥርስ እንደመነቀል አመማት። ሠንጠረዦቹ ሁሉ ወጥተው አንድ ቀረ። እንቅልፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንት የተከራከሩበት ክፍል ገጽ በገጽ ተሰናበተ። የተዳፈነው ዓረፍተ ነገር ወደ መግቢያው ወጣ። እንዴት እንዳጠናችው ግን አስፍታ ጻፈች፤ የማያውቃት ሰው በራሱ ክፍል ሊደግመው እንዲችል መጋረጃውንም፣ በርጩማውንም፣ የረዳቷን ቦታም አስገባች። መጨረሻ ላይ ስለ እናቶች ዜማና ስለ ፍቅር አንድ ያማረ አንቀጽ ጨመረችበት።

የመጀመሪያው ጆርናል ከዘርፋችን ውጪ ነው ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ለሁለት ገምጋሚዎች ሰጠው። አንደኛው ወደደው። ሌላው ግን ዝም ባለችባቸው ቀናትም እዚያው ተቀምጣ ስለነበር፣ ልጆቹን ያስተኛቸው አጠገባቸው መሆኗ እንዳልሆነ በምን ታውቃለች ሲል ጠየቀ፤ የመጨረሻው አንቀጽም ከመረጃው የመጣ አይደለም አለ። ሳምንቱን ሙሉ ፊቷ ሳይፈታ ሰነበተ። ከዚያ ሰውዬው እውነቱን እንደሆነ ገባት። ጥናቷ ዜማን እንጂ አጠገብ መሆንን ለይቶ መመዘን እንደማይችል በግልጽ ጻፈች፤ ያማረውንም አንቀጽ አወጣችው።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ መምህራኑ «እሹሩሩ እሹሩሩን ሻረችው» ብለው ሲሳሳቁባት ዋሉ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ በላይ የሚሆን ነገር አልጠበቀችም።

ብዙም ሳይቆይ ከማታውቃት ሰው ኢሜይል ደረሳት። ላኪዋ በሌላ ከተማ የሕፃናት መምህርት ናት። ጉሮሮዋን ታክማ ድምፅ አልባ ሆናለች። ማዜም የማትችል ሴት ሕፃናት ይዛ ምን ልትሠራ ነው ብላ ሥራዋን ልትለቅ ተዘጋጅታ ሳለ ጽሑፉ እጇ ገባ። «አነበብኩት፤ መልቀቂያዬን ቀደድኩት» ይላል። «ሳዜም የነበረ ጊዜ ትንፋሻቸውን አልሰማውም ነበር። አሁን እሰማዋለሁ።»

እሹሩሩ ኮሪደሩ ላይ፣ በተሰቀሉት ትንንሽ ኮቶች መሀል ቆማ አነበበችው። ረጅም መልስ ልትጽፍ ጀምራ ተወችውና፣ መጥቼ ልያችሁ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ነይ» የሚል መልስ መጣላት፤ ትምህርት ቤቷ ከዚያኛው ቀድሞ ለዕረፍት ሲዘጋ በአውቶቡስ ሄደች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጋረጃው ቢጫ፣ ፍራሾቹ የተጣፉ። ድምፅ አልባዋ መምህርት በፈገግታ ተቀብላት አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። ሁለቱም ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሕፃናቱ እንግዳዋን ጥቂት ሲያዩ ቆዩ፣ ጥቂት ተገላበጡ፤ ከዚያ ዓይናቸው አንድ በአንድ እየከበደ ሄደ። እሹሩሩ አፏን አልከፈተችም። ወደ እሷ የቀረበው ልጅ በእንቅልፍ ልቡ እጁን ሰዶ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠ፤ እስኪነቃም አለቀቀውም።