የኦቦ ጀይላን ማሳ

አምባዬ ደክሞታል። ያደከመው ዕድሜ አይደለም፤ ጀማሪዎች ናቸው። ከደብረ ብርሃን ለፊዚክስ መምህርነት መጥቶ ሮቤ የቀረ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላን መሥራትና ማብረር ለሚፈልግ ሁሉ በነጻ ያስተምራል። እኔ የትምህርት ቤት ባልደረባው ነኝ። ማብረር አልችልም፤ ዕቃ ለመሸከም ግን ማን ብሎኝ!

ድሮ ጀማሪ ሲመጣ አምባዬ የሚሰጠው ሪሞት ሳይሆን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎምና ምላጭ ነበር። ጀማሪው ክንፍ ይቆርጣል፣ ያበላሻል፣ እንደገና ይቆርጣል። የምናበርበት ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የኦቦ ጀይላን የስንዴ ማሳ ስለሆነ ኮምባይነር አጭዶ እስኪወጣ ማብረር የሚባል ነገር የለም። ስንዴው እያደገ፣ አውሮፕላኑም እየተሠራ ይከርማል። ሊሊ የምትባል ነርስ አንዱን ጭራ ስታፈርስ ስትሠራ ከርማ፣ የበረረላት ቀን አልቅሳለች።

አሁን ጀማሪው ተሠርቶ ያለቀ አውሮፕላን በካርቶን ይዞ ይመጣል። ሰላምታው ራሱ «ዛሬ እናበራለን?» ነው። አምባዬ «መጀመሪያ አንድ እንሥራ» ሲል፣ «የተሠራ እያለ?» ይሉታል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ጥያቄያቸው ነው።

ጥቅምት ላይ ስንዴው ዛላ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ከጀማሪዎቹ አንዱ፣ ስልክ የሚጠግነው ሳላሕዲን፣ ከጓደኞቹ ጋር ከአምባዬ ተደብቆ ወደ ማሳው ሄደ። አውሮፕላኑን ከማሳው ዳር ካለው መንገድ ላይ አስነሡት፤ ነፋስ ገፍቶ ስንዴው መሀል ጣለው። ሁሉም ፍለጋ ገቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? አውሮፕላኑን አገኙት፤ ስንዴው ግን ከብት ያደረበት መሰለ።

ኦቦ ጀይላን ማሳቸውን ከለከሉን። ሌላው ቦታ ሁሉ ቤትና የመብራት ሽቦ ነው። ያ ማሳ ከሌለ የአምባዬ ቅዳሜ የለም። አምባዬ ሳላሕዲንን «ና፣ አብረን ይቅርታ እንጠይቅ» አለው።

«ምን ያደክምዎታል መምህር? እኔ እንደሆነ ትቼዋለሁ። ለሠርግ ቪዲዮ ድሮን አዝዣለሁ፤ ራሱ ይቆማል፣ ራሱ ይመለሳል።»

አምባዬ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ፣ እኔንና አንድ የሰፈር ሽማግሌ አስከትሎ ሄደ። ኦቦ ጀይላን ብዙ ካስለመኑን በኋላ «አጨዳው ያልቅ፤ ያኔ ኑ» አሉ።

ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሩ አጭዶ ወጣ። አምባዬ ለሁሉም ደወለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ማሳው ላይ የተገኘነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ሳላሕዲን ሠርግ ሊቀርጽ ጎባ ሄዷል አሉ። ገለባው ላይ ተቀመጥን።

«በቃኝ» አለ አምባዬ። «ዕቃውን ለትምህርት ቤቱ እሰጣለሁ።»

አልተከራከርኩትም። እውነቱን ለመናገር እኔንም ታክቶኛል።

ኦቦ ጀይላን ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «አካም ጂርቱ!» ብለው ሰላምታ ሰጡን። «የታሉ ልጆችህ?»

«የሉም፣ ኦቦ። በከንቱ ነው ያስቸገርንዎ።»

ኦቦ ጀይላን የአምባዬን አውሮፕላን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ታዲያ እኔን አታስተምረኝም?»

አምባዬ ሳቅ እንኳ አልመጣለትም። ፎም የለ፣ ምላጭ የለ፤ ሪሞቱን ዝም ብሎ ዘረጋላቸው። ለጀማሪ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። በጣም ደነገጥኩ።

ኦቦ ጀይላን ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ወላሂ፣ ይሄ አውሮፕላን ያንተ የእጅ ሥራ ነው። እኔ የራሴን ልሥራ እንጂ። ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እርስዎ ሥራ ስላለብዎት... እስከሚቀጥለው አጨዳ።»

«እሱን መጠበቅማ ኖሬበታለሁ» አሉና አጠገቡ ተቀመጡ።

አምባዬ አንገቱን ደፍቶ ሪሞቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ሰኞ ፎም ፈልግልኝ» አለ።