ዝም ያለችው ወፍ

የታላቅ እህቴ ሥራ ዓይንን ጨፍኖ መዋል ነው። እንዲህ ስላት ትስቃለች እንጂ አትቀየመኝም።

በዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ፣ ከመተላለፊያው መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ መጋረጃውን ትዘጋና ማዳመጫዋን ታጠልቃለች። ባልደረቦቿ ከከተማው ወዲያ ባለው ረግረግ፣ ዛፍ ላይ የድምፅ መቅጃ ይሰቅላሉ፤ እሷ የተቀዳውን ታዳምጣለች። ወፍ በጮኸ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት። ኮምፒውተሩ ድምፁን በመስመር እንደሚያሳይ ቢነግሯት፣ «ደግሞ ድምፅ በዓይን ይታያል?» ብላ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ሠራች። ቢሮው በሙሉ «ጆሮ» ይላታል። ለእኔ እትዬ ናት።

ደግሞ ጆሮ ነበራት። ጫጩት ስትጮኽ ርቧት ይሁን ፈርታ ትለያለች። የጎረቤታችን ድመት ስታለቃቅስ ከአልጋዋ ሳትነሳ «እግሯን አሟታል» አለችን፤ ብናይ እውነትም እሾህ ተሰክቶባታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከቢሮዋ ፊት ለፊት ስለሆነ ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ትርፍ ማዳመጫ ትሰጠኛለች። ውኃው ሲንቦጫረቅ፣ ቄጠማው ሲንሿሿ እየሰማሁ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል። ስነቃ ጫማዬ ራሱ የረጠበ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ግን ፊቷ ጠቆረ። በዚያ ረግረግ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ፣ በቀጭኑ የምታፏጭ ወፍ አለች፤ ቦታው የሚጠበቀው ለሷ ሲባል ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ጭረት አልተገኘላትም። ወፏ ከጠፋች ጥበቃው ይነሳል፣ ረግረጉ ይደርቅና መጋዘን ይሠራበታል። «ጠፍታለች» ብላ የምትፈርመው ደግሞ እትዬ ናት። ሌላ ማንም አላመሳከረም፤ የሷን ጆሮ ማን ይጠረጥራል? እህል ከአፏ አልገባ አለ። ጠዋት ጠዋት ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ እያፏጨ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝም ትላለች። ሐሳብ ወስዷት ነው ብዬ፣ «ኧረ እትዬ፣ ቤቱን ልታነጂው ነው» እያልኩ እጮህባታለሁ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም።

የሚፈረምበት ዕለት ምሳዋን ይዤ ስገባ ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «የመጨረሻዋን ቅጂ አብረን እንስማና ልፈርም» አለችኝ። ለቀብር የተጠራሁ መሰለኝ። አደመጥን። ነፋስ፣ ውኃ፣ እንቁራሪት። ከዚያ ቀጭን ፉጨት፤ መርፌ ጨርቅ ስትበሳ ድምፅ ቢኖራት እንደዚያ የምትል ይመስለኛል።

«ይቺ የምታፏጨው ምንድን ናት?» አልኳት።

«የቷ?»

«ይቺ። ይኸው አሁንም።»

ዓይኗን ገለጠች። ቅጂውን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው። እኔ በሰማሁ ቁጥር ጣቴን አነሳለሁ፤ እሷ ጣቴን ታያለች። ቀስ ብላ ተነሳችና ስክሪኑን ከግድግዳው መለሰችው። ጣቴ በተነሳበት ቦታ ሁሉ፣ ከላይ ጫፉ ላይ፣ ትንንሽ መስመሮች ነበሩ። ያኔ ማንቆርቆሪያው ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ የጮኽኩባትን ሳስብ ምላሴን ቢቆርጠው ደስ ባለኝ።

«የጠፋችው ወፏ አይደለችም» አለች። «ቀጭን ድምፅ ነው ከእኔ ጆሮ የጠፋው።»

ሪፖርቱን ቀደደችው። ኃላፊዋ ጋ ራሷ ሄዳ፣ የሦስት ወሩ ቅጂ በሌላ ሰው ጆሮ እንዲደመጥ ነገረችው። ሰውዬው «ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ» ሲላት፣ «ዕረፍት ሳይሆን በቃኝ ነው» አለችው። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ሰማሁና አለቀስኩ።

ተመልሳ ምሳዋን ጠራርጋ በላች። ከዚያ ማዳመጫውን ወደ እኔ ገፋችው።

«እስኪ ደግመሽ ስሚልኝ። ብቻዋን ናት?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ታውቂያለሽ።»

ጨፈንኩ። ውኃው መጣ፣ ነፋሱ መጣ፣ ፉጨቷ መጣች። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ፣ ከቄጠማው ወዲያ ማዶ፣ ሌላ ፉጨት መለሰላት።

«ሁለት ናቸው» አልኳት። «አንዷ ስትጠራ ሌላዋ ትመልሳለች።»

ዓይኔን ገለጥኩ። እትዬ ማዳመጫ ሳታደርግ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ብላለች።

«ከተመላለሱማ ጎጆ ሠርተዋል» አለች።