ብርድ የማያስገባው ቤቴ

ከሆሳዕና የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ያስመስል ነበር። ባለቤቴ ወርቅነሽ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አልቅሳ ትሰናበተኛለች ስል ጆሮዬን ይዛ፣ «ሰማህ? የራስህን ቤት ሳትይዝ ነይ እንዳትለኝ። የሰው ጓዳ ለጓዳ አልንከራተትም» አለችኝ። በአራት ድንበር፣ በጭነት መኪና ሆድ እንደ ጆንያ ተጭኜ ጆሃንስበርግ ስገባ የቀረኝ ይህ ቃሏ ብቻ ነበር፤ ሻንጣዬን ያሻገሩኝ ደላሎች ወስደውታል።

ዳቬይተን በሚባል፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፈትኩ። ሁለቴ ተዘረፍኩ። ሱቅ ደግሞ ሮጦ አያመልጥም። ስለዚህ ከስልጤው ጅምላ ሻጭ ከሻፊ ብርድ ልብስ እየወሰድኩ ማዞር ጀመርኩ። የእናንተ ሰኔ ዝናብ ነው፤ የዚህ አገር ሰኔ ደረቅ ብርድ ነው። ወደ ተራራው ከተሞች ከወጣህማ ምራቅህ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆናል! ሰዉ ብርድ ልብሱን ለመግዛት ከእጅህ ይነጥቅሃል፤ ለእኔ ግን ማደሪያ የለም።

አንድ ነጭ ሽማግሌ ሞተርሆም የሚሉትን፣ አልጋም ምድጃም ሂተርም ያለውን ቤት መኪና ሊሸጥልኝ መጣ። ግድግዳው ብርድ እንዳያስገባ አንድ ክንድ ተደርቧል። ዋጋው ግን ረከሰብኝ፤ የረከሰ ነገር ደግሞ ጉድ አያጣም። እንደ በዓል በግ ጎኑን ዳበስኩት፤ ጆሮዬን ለጠፍኩበት።

«ግድግዳው ውስጥ ምን አለ?»

«ሙቀት» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ባለቤቴ ሞተች።»

ግድግዳውን እንደገና አየሁት። ውፍረቱ ሴት ይደብቃል።

ገዝቼው እንኳ አላመንኩም፤ በቢላ ቀደድኩት። ቢጫ ስፖንጅ ብቻ! በከፈትኩት ቀዳዳ ብርዱ ሲያፏጭብኝ ለሽያጭ የያዝኩትን ብርድ ልብስ ወተፍኩበት። ተራራው መንገድ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ።

«አድራሻህ?»

«እዚሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም እዚሁ። የተቀየረው መንገዱ ነው።»

ውታፉን አይቶ፣ «ምን ደብቀህ ነው?» አለና ብርድ ልብሱን መዘዘው። ለምርመራ ብሎ ይዞት ሄደ። ደህና ሞቆት ይሆናል።

ከተማ ስመለስ ሻፊ መጋዘን በር ላይ አቁሜ ደወልኩ።

«ወርቄ፣ ቤት ገዛሁ!»

«ማል።»

«ወርቅነሽ ትሙት!»

«እኔን ተወኝና በራስህ ማል። ጎረቤትህ ማነው?»

መጋዘኑ በር ላይ የቆመውን ሻፊን አየሁት። ጠረጠረች። «አጠገብህ ሰው ካለ ስጠኝ» አለች። ሻፊን መቶ ጊዜ በዓይኔ ጠቅሼው ስልኩን ሰጠሁት።

«እህቴ፣ ቤቱስ ቤት ነው፤ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል» አለ። ከዚያ የረመዳን ጦመኛ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ «ጎማ ግን አለው» አላት።

ስልኩን ነጠቅኩት።

«ወርቄ፣ ሌባ ሲመጣ እንድነዳው ነው እኮ!»

«እኔ ውሃ ልቀዳ ብወጣ፣ ስመለስ ቤቴን የት አገኘዋለሁ?»

«እጠብቅሻለሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት እኔ ነኝ።» ድምጿ ሰለል አለ። «ጎማውን ፍታና ደውልልኝ።»

ዘጋችው። ሻፊ ሳልጠይቀው የጎማ መፍቻ ይዞ መጣ። በርከክ ብዬ አንዱን ብሎን አላላሁት። ሱቄ ሁለቴ ሲዘረፍ ቆሜ ያየሁበት ቦታ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። መልሼ አጠበቅኩት።

እስካሁን አልደወልኩላትም።