ለወረቀት የተላከ ሽማግሌ

ሴት ልጅ ስትፈለግ ሽማግሌ እንደሚላክ አውቃለሁ። ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ለድንበር ጠብ፣ ለደም ዕርቅ ሽማግሌ ሲላክም አይቻለሁ። ለሙያ ፈቃድ ሽማግሌ የተላከባት ሴት ግን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

ሙያዬ ሰው ማስተኛት ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት ሰመመን የምሰጠው፣ እስኪያልቅ ድረስ ከታማሚው ራስጌ የምቆመው፣ ሲያልቅም የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ። ደሴ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ይህን ስሠራ ፀጉሬ ሸበተ። ሰው ሲድን የሚያመሰግነው ሐኪሙን ነው፤ እኔን የሚያስታውሰኝ የለም፤ ተኝቶ ነበራ! በዚህ ተከፍቼ አላውቅም። የሚያናድደኝ፣ ሥራዬን ባለሙያው በሌለበትም የሚሠራ ነገር አድርጎ የሚያየው ሰው ነው።

ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አጎቴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አያታቸው ከየመን ባሕር አቋርጠው የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ለሶላት ካልሆነ ከሱቃቸው ወንበር አይነሱም። ደብተሬንም፣ ዩኒፎርሜንም፣ በኋላም የኮሌጅ ወጪዬን የቻሉት እሳቸው ናቸው። «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ ነው?» የሚሉ ዘመዶቻችንን «የት እንደምትደርስ እናያታለን» ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር መጋጨት ለእኔ ከአባት ጋር መጋጨት ነው።

አጎቴ ኮምቦልቻ ላይ ፎቅ ሠሩ። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ የዕለት ቀዶ ሕክምና ማዕከል እንዲሆን አሰቡ። ታማሚው ጠዋት ገብቶ፣ ተሠርቶለት፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያድርበት ዓይነት ማለት ነው። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ለአንዲት እብጠት ብሎ ስንቱ ነው ወረፋ ሲጠብቅ የሚከርመው! ሐኪም ቀጠሩ፣ ግድግዳ አስቀቡ፣ ከዚያ የፈቃዱን መስፈርት ተቀበሉ። እንደ ነጋዴ አንድ በአንድ እያነበቡ ገዙት። ጄኔሬተር ተገዛ። ኦክስጅን ተገዛ። መተላለፊያው ለቃሬዛ ጠባብ ነው ሲባል ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። በመጨረሻ ከሱቅ የማይገዛ አንድ ነገር ቀረ፤ ሙሉ ጊዜውን እዚያው የሚሠራ የሰመመን ባለሙያ፣ ከነሙያ ፈቃዱ።

ሱቅ አስጠሩኝ።

«ወረቀትሽን አምጭ፤ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን» አሉኝ። «አንች ከሥራሽ አትነሽም። በየወሩ የድርሻሽን ትወስጃለሽ።»

«ታማሚውን ማን ያስተኛዋል?»

«ነርስ አለ። አይቶ አይቶ እጁን ፈቷል ብለውኛል።»

ነገሩ እንግዳ ሆኖብኝ አይደለም። ባለቤቱ ረግጦት በማያውቅ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሽሞንሙኖ የተሰቀለ ፈቃድ ብዙ አይቻለሁ። ወሩ ሲደርስ ገንዘቡን የሚሰበስቡትንም አውቃለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው።

«እኔን ከፈለጉ እኔን ይቅጠሩኝ። ወረቀቴ ብቻውን ሥራ አይወጣም» አልኳቸው።

«አንችን? ታማሚ ባልመጣ ቀን ቁጭ ብለሽ ደመወዝ ልትበይ?»

«እንግዲያው አይሆንም።»

አጎቴ ጣቃውን ስበው፣ ማንም ገዢ በሌለበት፣ ጨርቅ መለካት ጀመሩ። ወጥቼ ሄድኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። እናቴ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ትመልስልኝ ጀመር። የአክስቶቼ ልጆች «ያጎረሳትን እጅ ነከሰች» አሉ። አንዷ ደውላ «አንድ ወረቀት እኮ ነው! ከሥጋሽ አልቆረጡ!» ብላ ጮኸችብኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ውለታ ቢስ መባል ያማል፤ አላመመኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ስለ እኔ ውለታ ሲያወራ፣ አልጋው ላይ ስለሚተኛው ሰው አንዲት ቃል የተነፈሰ አልነበረም። እልኬ የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሆጤ ካለው ቤቴ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው የአጎቴ የሱቅ ጎረቤት ሐጂ ናቸው። ሁለተኛው ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ የመጡ ቄስ፤ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ከአጎቴ ሲገዙ የተጀመረ ወዳጅነት ነው፣ አብረው አርጅተዋል። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ልጅ» አሉ ሐጂ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።»

«እሽ ሳትይን አንቀመጥም።»

ለምን እንደመጡ ያኔ ገባኝ። ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ።

ቄሱ ከዘራቸውን ተደግፈው ጀመሩ። «ልጄ፣ አባት ሆኖ ያሳደገሽን ሰው ባደባባይ አታሳፍሪው። የጠየቀሽ ወረቀት ነው። ኩላሊትሽን አምጭ አላለሽ።»

«አባ» አልኳቸው፣ «ለጋብቻ መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቷን ቤት አስቀርቼ ፎቶዋን ብሰጥዎ ይዘው ይሄዱ ነበር?»

ቄሱ ሳቅ አመለጣቸውና በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ሐጂ አልሳቁም። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግራቸው እየተደገፉ ቆይተው፣

«ቀልዱን ተይውማ። እስቲ በአላህ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይሠራል? ባለቤቱ ቢኖር ባይኖር ምን ይለያል?» አሉኝ።

በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሳልቆጣ ነገርኳቸው።

«ሐጂ፣ እኔ የምሰጠው እንቅልፍ የማታው ዓይነት እንቅልፍ አይደለም። የተኛው ሰው መተንፈስ ሊያቆም ይችላል። ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። የደም ግፊቱ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ራስጌው ያለው ሰው አገጩን ቀና አድርጎ፣ አየር እየሰጠ፣ የትኛውን መድኃኒት ምን ያህል እንደሚወጋ ማወቅ አለበት። ደውሎ የሚጠይቅበት ጊዜ የለም። ያ እጁን ፈታ የተባለው ነርስ ደህናውን ቀን ያውቀው ይሆናል። ክፉው ቀን ሲመጣ ግን ሰውየው እጁ ላይ ይቀራል።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቄሱን በጎን አዩና ትንሽ ዘወር አሉባቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እኔ... ይቺ ብሽሽቴ ላይ ያለች ነገር እያስቸገረችኝ ነው። አጎትሽ ‘አንተን ነው የማስጀምር’ ብሎኛል» አሉ። «እና በዚያን ቀን፣ ከኔ ራስጌ የሚቆመው ማነው?»

«ወረቀቴ» አልኳቸው።

እሽ ሳትይን አንቀመጥም ያሉት ሐጂ እዚያው በር ሥር ያለችው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

«ወላሂ» አሉ።

«አንተ ሰው!» ብለው ቄሱ ጮኹባቸው፣ «እኔ ከቦሩ ሜዳ የመጣሁት የራስህን ሞት ልታስለምነኝ ኑሯል!»

እዚህ ላይ ብስቅ ኖሮ ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። አላስቻለኝም። ሰው ነገሩ የሚገባው የራሱ ራስ ሲነካ ብቻ መሆኑ አንገበገበኝ፤ እስከዚያ ድረስ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው።

«እርስዎ ስለሆኑ ደነገጡ» አልኳቸው። «ከቃሉ ወረዳ የመጣ ገበሬ ቢሆን ኖሮስ? እሱም ልጆች አሉት። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የማን ወረቀት እንደሆነ ማንን ይጠይቃል? አምኖ ይተኛል እንጂ!»

ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ሲወጡ ምርቃትም አልመረቁኝ፣ ቄሱ ብቻ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ።

በቀጥታ ወደ አጎቴ እንደሄዱ በኋላ ሰማሁ። አጎቴ ጮኸዋል፤ «የላክኋችሁ እኔ፣ የምትሟገቱት ለሷ!» ብለዋል። ደግሞም «የሷ ቢቀር ሌላ ወረቀት አይጠፋም» ቢሏቸው፣ ሐጂ «እንግዲያው ሌላ ሆድም ፈልግ» ብለው ወጥተው ሄደዋል። ሐጂ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ከመስጊድ ሲወጡ ለሰው ሁሉ ተናገሩ፤ እዚያ እተኛለሁ የሚል ጠፋ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ አጎቴ ራሳቸው መጡ። ሱቁን ክፍት ጥለው እኔ ቤት የመጡበትን ቀን አላስታውስም። ተነሥቼ እጃቸውን ልስም ስል ሰበሰቡት።

«ያስተማርሁሽ እንዲህ እንድትመልሽልኝ ነው?» አሉኝ።

ዕንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት። ያን ጊዜ «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ወረቀቱን አውጥቼ ብሰጣቸው እናቴም፣ ዘመዱም፣ ሁሉም ሰላም ይሆን ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ያስተማሩኝ ለዚሁ ነው።»

አጎቴ ተቀመጡና፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሱቁ መደርደሪያ ፊት በሰማሁት የነጋዴ ድምፃቸው፣

«ስንት ትያለሽ?» አሉኝ።

«ከሆስፒታሉ እለቅና ሙሉ ጊዜዬን ይቀጥሩኛል። ኦክስጅኑ ሁለት ሲሊንደር ይሆናል፤ አንዱ ሲያልቅ የሚቀየር። ማገገሚያ ክፍሉ ውስጥ ታማሚው በደንብ እስኪነቃ የማትነሣ ነርስ ትኖራለች። ነገር ቢከፋ የሚቀበለን ሆስፒታል ጋር ውል ይፈረማል፤ አምቡላንስም ደጅ ይቆማል። እኔ በሌለሁበት ቀን ክፍሉ ይቆለፋል።»

«የመጨረሻውን ቀንሽ።»

«አልቀንስም።»

«ሁለተኛው ሲሊንደር ለከርሞ ይሁን።»

«አልቀንስም፣ አጎቴ።»

ተነሡ። «በይ ደህና ዋይ» ብለው ወደ በሩ አመሩ፤ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው። አካሄዱን አውቀዋለሁ። ዋጋ አልስማማ ሲል ገዢ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ «ና ተመለስ» እስኪባል ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ። እኔም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ግቢውን አቋረጡ። የውጭውን በር መቀርቀሪያ ያዙ። ሳልጠራቸው ዞሩ።

«እሽ» አሉ። «መልቀቂያሽን አስገቢ።»