የአክስቴ ምልክት

አክስቴ ሰው አታምንም። ባለሱቁ የመዘነላትን ስኳር ቤት ወስዳ እንደገና ትመዝናለች፤ እኔ «ደህና ነኝ» ስላት ግንባሬን ትዳስሳለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የተባለው ለእሷ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤትም «ስንጥር» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም።

እንጀራዋ መስበር ነው። ለአውሮፕላን ሞተር የታሰበ የቲታኒየም ቅይጥ ጣት በሚያህል ዘንግ ተቀርጾ፣ እንደ መስታወት ተወልውሎ ይመጣላታል። ማሽኑ እየሳበ እየለቀቀ ይፈትነዋል፤ እሷ ስንት ጊዜ ችሎ እንደተሰበረ ትጽፋለች።

አቅላጩ፣ ማለትም ቅይጡን የሚያዘጋጀው ዝምተኛ ሰውዬ፣ ቶሎ የማይሰነጠቅ ቅይጥ ፍለጋ ሦስት ዓመት ለፍቷል። ባለፈው ዙር ዘንጎቹ ከተጠበቀው እጥፍ ቻሉ። የመጨረሻው ፈተና ካልተሳካ ግን ሥራው ይዘጋል፤ እሱም ይሰናበታል።

አክስቴ ደስ አላላትም። «እጥፍ? ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር አለው» አለችኝ። ዘንጎቹ እስኪፈተኑ የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን ቁልፍ በእሱም እጅ አለ። በሌላ ጠንካራ ዘንግ ሊቀይራቸው ነው ብላ ጠረጠረች። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ስድስት ዘንጎች እንደመጡ፣ ማንም ሳያያት፣ እያንዳንዱ ወገብ ላይ በስለታም መርፌ ከፀጉር የቀጠነ ምልክት ጫረች።

በፈተናው ቀን ምልክቱ ሁሉም ላይ ነበር። አልተቀየሩም። ስድስቱም ግን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርሱ ተሰበሩ።

አቅላጩ ስብርባሪውን አየና «እህቴ፣ ስለ ልፋትሽ አመሰግናለሁ» ብሎ ዕቃውን ሊሰበስብ ሄደ።

«አላልኩሽም? ያለፈው እጥፍ እውነት አልነበረም» አለችኝ ማታ። ግን እራት አልበላ አላት። ስድስቱም አንድ ቦታ ላይ ለምን ተሰበሩ?

በማግስቱ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። ስንጥቁ ሁሉ የጀመረው ከእሷ ጭረት ነው። ለካ ለተወለወለ ቲታኒየም ያቺ ጭረት ትበቃዋለች! ይህንን ደግሞ ሠላሳ ዓመት ለጀማሪዎች ስታስተምር የኖረችው ራሷ ናት።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ስብርባሪውን ይዛ አለቃው ቢሮ ገባች፤ አቅላጩንም አስጠራችው። «ሌባ መስለኸኝ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ጭረቱን እያሳየች።

አለቃው ተቆጡ። «ሌላ ዘንግ ይምጣ፤ ፈታኟም ሌላ ትሁን!»

«የለም ጌታዬ» አለ አቅላጩ። «እሷው ትፈትንልኝ። ራሷን ያልማረች ሰው ለብረቴ አታዳላም።»

አዲሶቹን ዘንጎች በጓንት ያዘቻቸው። ማሽኑ ሰባት ቀን ሙሉ ቢስባቸውም አልተሰበሩም። ያኔ የቁም ሳጥኑን የራሷን ቁልፍም ለአቅላጩ ሰጥታው ነበር።