ወገቤና የአጣቢዬ ወገብ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዐሥራ አንድ ክፍል ያላት ትንሽ አልጋ ቤት አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ የማስተዳድራት እኔ ነኝ። በአገራችን ሙቀት አንድ እንግዳ አንድ ሌሊት ካደረ አንሶላው በላብ ርሶ ነው የሚነሳው፤ አጣቢ የሌለው አልጋ ቤት እንግዲህ አልጋ ቤት አይባልም። የእኔ አጣቢ አጣዬ ላይ ቤቷ ሲቃጠል ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሙስሊም ሴት ነበረች። ሦስት ዓመት አብራኝ ስትሠራ አንድም እንግዳ ስለ አንሶላ አጉረምርሞ አያውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጋ ላይ ውኃ ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ተበላሸ። «ነገ አሠራዋለሁ» እያልኩ ከወር በላይ ቆየሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ውኃውን በጀሪካን እየተሸከመች ደረጃውን የምትወጣው እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት ደረጃው መሃል ላይ ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ወገቤን ያዘኝ። መታጠፍ አቃተኝ» አለች።

«ትንሽ አረፍ በይ፣ ይለቅሻል» ብያት አለፍኩ።

አልለቀቃትም። በሳምንቱ የሠርግ እንግዶች ቤቱን ሞልተውት ሳለ «ዛሬስ አልችልም እትዬ» ብላ መጣች። እኔም በሌሎቹ ሠራተኞች ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የአንቺ ወገብ ደግሞ ሥራ ሲበዛ ብቻ ነው እንዴ የሚያመው?» አልኳት።

አንዷ ሳቀች። እሷ ግን ሻሿን አስተካክላ ዕቃዋን ሰበሰበችና «ደህና ይሁኑ» ብላ ወጣች። ተመለሺ አላልኳትም። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ሄደች እንጂ አላባረርኳትም» እል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ግን አልነበረም።

ወር ሳይሞላ፣ አዲሷ አጣቢ የቀረች ቀን፣ ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈ ብርድ ልብስ ላወጣ ጎንበስ አልኩ። ታች ወገቤ ላይ አንዳች ነገር የተበጠሰ መሰለኝና እዚያው ተደፋሁ። ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም። ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ተመላለሰ። ሥራ ሲበዛ ነው ወይ የሚያምሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

መቀመጥ ስችል ደብረ ብርሃን ወጥቼ ታየሁ። አጥንቴ ደህና እንደሆነ ነገሩኝና ወደ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሩኝ።

«የማስተምርዎት ዮጋ ነው፣ ቀስ ያለው» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ልጄ፣ ዮጋ የሚሉት ባዕድ አምልኮ አይደለም እንዴ?»

«ጸሎትዎን እንደለመዱት ያድርሱ። እኔ የማሳይዎት ለወገብዎ ነው» ብላ ሳቀች። «ካመመዎት ያቁሙ። ወገብ በትግል አይድንም።»

በየማለዳው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሦስት ቁጥር ክፍል ገብቼ ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ አነጥፋለሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቶቼን በየተራ ወደ ደረቴ እስባለሁ። ከዚያ በእጅና በጉልበቴ ቆሜ ጀርባዬን እንደ ድመት ቀስ ብዬ አጎብጣለሁ፣ መልሼ አቃናለሁ። በመጨረሻ ተረከዜ ላይ ተቀምጬ ግንባሬን ወደ መሬት አወርዳለሁ።

መጀመሪያ በእጅና በጉልበቴ የቆምኩ ቀን አልጋው ሥር ያለው ወለል ታየኝ። በዚያ ቤት ስኖር ከዚያ ከፍታ አይቼው አላውቅም። እሷ ግን ከአንሶላው ሌላ ወለሉንም ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሆና ነው የፈተገችው። ባለሙያዋ ትንፋሽዎን ብቻ ያዳምጡ ብላኝ ነበር፤ እኔ የምሰማው በሠራተኞቹ ፊት የተናገርኳትን ነበር። ሕመሙ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሲሄድ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ለእኔ መኪና፣ ምርመራ፣ አስተማሪ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ተገኘ። እሷስ በምን ትድናለች?

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸውና «ስግደት ይስጡኝ» አልኩ።

«በምን ወገብሽ ትሰግጃለሽ?» አሉኝ። «ይልቅ ሂጂና ራሷን ይቅርታ ጠይቂ፤ አፉ በይኝ በያት።»

ልጆቿን የሚያውቅ ሰው አፈላልጌ፣ እኅቷ ዘንድ መመለሷን ሰምቼ፣ ሚኒባስ ይዤ አጣዬ ሄድኩ። እኅቷ ቤት በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለቅማለች። ስታየኝ ለመነሳት ሞከረች፤ ግድግዳውን ይዛ በሁለት ጊዜ ነው የተነሳችው።

«ወገብዎን አመመዎት ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ፣ እኔ አንድ ቃል ሳልናገር። «ተሻለዎት?»

ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «አፉ በይኝ» ብቻ አልኩ። «ፓምፑን ባሠራው ኖሮ አትጎጂም ነበር። በሰው ፊትም አዋረድኩሽ።»

«ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ» አለች። እንዲህ ቶሎ ማለቷ ከስድብ የባሰ አመመኝ።

የተማርኩትን ላሳያት ፈልጌ በሩ ላይ የተነጠፈው ሰሌን ላይ ወረድኩ። ግንባሬን መሬት ሳስነካ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«እትዬ! ይሄማ የሶላታችን ሱጁድ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ሳቋን አቆመች። «ወገቤን ከያዘኝ ቀን ወዲህ እኮ ግንባሬን መሬት አላስነካሁም» አለች ቀስ ብላ። «በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምሰግደው። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። ግን ይናፍቃል፣ ወላሂ።»

ከሰሌኑ ቶሎ መነሳት አቃተኝ፤ በወገቤ ምክንያት አልነበረም።

በማግሥቱ ለባለሙያዋ ደወልኩ። «ሳላያት ምንም እንዳያሠሯት፤ ይዘዋት ይምጡ» አለችኝ። በሳምንቱ አብረን የጣርማ በርን ዳገት አልፈን ደብረ ብርሃን ወጣን። ብርዱን ስለማታውቀው ጋቢዬን አለበስኳት። ባለሙያዋ መርምራት ከእኔ የቀለለ እንቅስቃሴ ሰጠቻት፦ ተኝቶ ጉልበት ማጠፍ፣ መተንፈስ፣ ብዙ መታገሥ። እኔም ሐሙስ ሐሙስ አጣዬ እየሄድኩ ጎን ለጎን ተኝተን እንሠራ ነበር። የእሷ ከእኔ ይልቅ ዘገየ። አንዳንድ ሐሙስ ባለፈው የቻለችውን ያቅታታል፤ ያን ጊዜ «እርስዎ ይቀጥሉ» ትለኛለች፤ እኔም ልቤ እንቢ እያለኝ እቀጥላለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሐሙስ ስደርስ ሶላት ላይ ነበረች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ትራስ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ እየተደገፈች፣ ግንባሯን አወረደች። ትንሽ ቆየች። ስትነሳ ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ እኔን ስታይ ግን «ሻይ ይጠጣሉ?» ብቻ አለችኝ።

ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ቀላሉን ብቻ እንድትሠራ ለመንኳት። «አፉ ብያለሁ እትዬ። እዚያ ቤት ግን አልመለስም» አለችኝ። ልክ ነበረች።

አሁን አጣዬ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። በስልክ እንገናኛለን። ስደውልላት ቀድሜ ስለ ወገቧ ልጠይቃት አስባለሁ፤ ስልኩን አንስታ «ወገብዎ እንዴት ነው?» ሳትል የቀደምኳት ቀን ግን እስካሁን የለም።