የጣቢታ ጆሮና ባለ ሁለት መቶ ሃምሳው ማዳመጫ

ሰበታ ውስጥ ጣቢታን የማያውቅ የለም ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ድምጿን የማያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከከተማው ፋብሪካዎች ወደ አንዱ የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። "ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ላገናኝዎት?" ትላለች። ያው ሰው ሁለተኛ ከደወለ ገና "ሄሎ" ሲል በስሙ ትጠራዋለች። ዓይነ ስውር ናት። በልጅነቷ ከወላይታ መጥታ ሰበታ ተማረች፣ እዚያው ሥራ ያዘች፣ እዚያው ቀረች። ሰዎች "ዓይን ቢነሳት ጆሮ ሰጣት" ሲሉ ትበሳጫለች። ጆሮዋ በስጦታ የመጣ ሳይሆን ዕድሜ ልኳን ሠርታ ያሳደገችው ነው፤ ብትበሳጭ አይፈረድባትም።

ከፋብሪካው ሥራ ይልቅ የምትወደው ግን እሷም የምትዘምርበትን የአጥቢያዋን መዘምራን ሥራ ነው። መዘምራኑ የመጀመሪያ አልበማቸውን እየቀዱ ነበር። መሪያቸው አዶናይ የተቀዳውን ሁሉ በቴሌግራም ይልክላታል። እሷ ታዳምጥና "ከወንዶቹ አንዱ አዝማቹ ላይ ከዜማው ወርዷል፣ ይደገም" ትላለች፤ ይደገማል። እዚህ ሥራ ላይ ማንም ክንዷን ይዞ አይመራትም። መሪዋ እሷ ናት።

ችግሩ ማዳመጫዋ ነበር። ከታክሲ ተራ የገዛችው ኢርፎን በአንድ ጎኑ ሞቶ በሌላው እየተንፈራገጠ ነው። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እህቷ ተስፋነሽ ይህን ሰምታ ደህና ማዳመጫ ልትገዛላት ተነሳች። ከሱቅ ውስጥ ሆና ደወለች።

"ስሚ፣ አንዱ ዕቃ በሁለት ዓይነት አለ። መልኩም ዋጋውም አንድ ነው። ካርቶኑ ላይ ግን አንደኛው ሠላሳ ሁለት ኦም ይላል፣ ሌላኛው ሁለት መቶ ሃምሳ። ሻጩ ያስረዳኛል፣ እኔ አይገባኝም። የቱን ልግዛ?"

ጣቢታ ኦም የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ከፊዚክስ ፈተና ወዲህ አግኝታው አታውቅም። ደግነቱ ዳና አጠገቧ ተቀምጧል። ዳና የመዘምራኑ ኪቦርድ መቺ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ቡራዩ ባለ አንድ ስቱዲዮ ይሠራል። የመድኃኒት ብልቃጥም ይሁን የመብራት ቢል፣ የሚነበብ ነገር ሁሉ የሚያነብላት እሱ ነው። ዓይኔ ነህ ትለዋለች፣ ወንድሜ ነህ ትለዋለች።

"ቆይ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅልሽ" ብሎ የራሱን ስልክ ይዞ ወጣ። ሲመለስ "ሁለት መቶ ሃምሳውን በያት። የባለሙያ እሱ ነው" አላት።

ጣቢታ ለምን ትጠርጥር? እኛ አገር ቁጥሩ ሲበዛ ዕቃው ይሻላል። ስልክ በቁጥር ይመረጣል፣ ካሜራ በቁጥር ይመረጣል። ሲበዛ የሚከፋው የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው።

ማዳመጫው በመንገደኛ እጅ መጣ። ጣቢታ እየዳበሰች ጠገበችው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ክቡ ከፋይ ጨርቅ ለብሷል፣ ገመዱ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። አሮጌውን ኢርፎን በደስታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ አዲሱን ስልኳ ላይ ሰካችና አጠለቀችው። መዝሙሩ ከጉድጓድ ሥር የመጣ ይመስል ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረች፤ ያው ነው። ዳናን ጠራችው። ዳና ማዳመጫውን ተቀብሎ ራሱ ላይ አደረገ።

"ኧረ!" ብሎ ነቀለው። "ኧረ ጣቢ፣ ጆሮዬን ሊበጥሰው እኮ ነው! ቀንሺው እንጂ!"

"ለእኔ ግን አይሰማኝም።"

ዳና ማዳመጫውን መለሰላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ እንደ አስታማሚ፣ "ጆሮሽን ያምሽ ነበር እንዴ?" አላት።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መውጫውን አያውቅም። አከራይዋ ኦቦ መገርሳ የፊት ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ የሚናገሩት ለማንም አይሰማም። በማግስቱ ጠዋት በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ሊሏት "አካም ቡልቴ?" ብለው ሲያልፉ ጣቢታ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸውና ጥፋቱን ከራሷ ቆጠረች። ፋብሪካም በድምፅ የምታውቃቸውን ሰዎች "ማን ልበል?" ማለት ጀመረች። ሐኪም ጋ መሄድ ፈራች። ሐኪሙ "አዎ፣ እየደነቆርሽ ነው" ቢላትስ? ለማያይ ሰው ይህ የሁለተኛ ጊዜ ጨለማ ነው፣ የመጨረሻውም ነው። ዳናም "መጀመሪያ ጸሎት ይቅደም" አላት።

ለአዶናይ ደውላ "ከእንግዲህ የተቀዳውን ዳና ያዳምጥ፤ የእኔ ጆሮ አይታመንም" አለችው። ይህን ብላ ስትዘጋ አለቀሰች። ማዳመጫውንም ለዳና ሰጠችው፤ ለደንቆሮ ምን ያደርጋል? "በአደራ ነው የምቀበልሽ። ሲሻልሽ ትወስጂዋለሽ" አላት። አደራ የሚለውን ቃል እንኳ አልማረውም።

እሁድ መጋቢ እሸቴ የጸሎት ርዕስ ያለው ይቁም ሲሉ ጣቢታ ቆመች። "ስለ ጆሮዬ ጸልዩልኝ" ከማለቷ ጉባኤው በለቅሶ ተናወጠ። እናቶች ጾም ያዙላት፤ ከፋብሪካ ሌሊት ሠርተው የሚወጡት ሴቶች ሳይቀሩ ምግብ ሳይቀምሱ ዋሉላት። ሽማግሌዎቹና አገልጋዮቹ ከበው እጅ ጫኑባት። ከእጆቹ ሁሉ ሁለቱ ያረፉት ጆሮዎቿ ላይ ነበር፤ የዳና ናቸው። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ጆሮ ክፈት!" እያለ ሲጮህ እንባው አንገቷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እንባው የእውነት ነበር። ሰው ግን እያለቀሰም ይሰርቃል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዶናይ አንዱን መዝሙር በእሷ ድምፅ ለመቅዳት ፈለገ። "ጆሮሽ ቢታመም ጉሮሮሽ አልታመመ" ብሎ በሁለት ታክሲ ቡራዩ፣ ዳና ወደሚሠራበት ስቱዲዮ ወሰዳት። ዳና ምሳ ሊበላ ወጥቶ ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት ሩቲ ማይክሮፎኑ ፊት አቁማ ማዳመጫ አጠለቀችላት። የጣቢታ ጣት ከፋዩን ነካ፣ የተጠማዘዘውን ገመድ ነካ። "አደራው እዚህ ነው እንዴ የተቀመጠው?" ብላ ሳትጨርስ መዝሙሩ ተለቀቀ።

ሁሉንም ሰማች። ዘማሪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት የሳቡትን ትንፋሽ ሰማች። ከሴቶቹ መካከል ጉንፋን የያዛትን ለየች። አዝማቹ ላይ ከወንዶቹ አንዱ ወርዷል።

"ይህን ማን ነው ያሳለፈው?" አለች ሳታስበው።

 ጆሮዋ አለ! ደህና ነው! ወንበር ዳብሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ "ሩቲ፣ ይሄ ማዳመጫ የማን ነው?" አለች።

"የዳና ነው። እህቱ ከዱባይ ላከችለት" አለች ሩቲ። "አሪፍ ዕቃ ነው፣ ግን እንዲህ ኃይል የሚጨምርለት አምፕሊፋየር ላይ ካልሰኩት አይረባም። ስልክ ላይ ብትሰኪው የትንኝ ድምፅ ነው የሚሰጥሽ።"

"ዳና ይህን ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም! ሳይገዛ ደውሎ ጠየቀኝ እኮ። ለስልክ ከሆነ ሠላሳ ሁለቱን፣ ለስቱዲዮ ከሆነ ሁለት መቶ ሃምሳውን ግዛ አልኩት። መርጦ ነው ያመጣው።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ጣቢታ ግን መውደቋ አልነበረም ያንገበገባት። ከወደቀች በኋላ የጣላት ፈረስ አብሯት ተኝቶ ማቃሰቱ ነው።

ዳና ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን አገኘችው።

"ስልኬ ላይ ሰክተህ ስታጠልቀው ተሰምቶህ ነበር?"

ወደ ስቱዲዮው በር ሊያልፍ ሞከረ።

"ዳና፣ ተሰምቶህ ነበር?"

"አልተሰማኝም።"

"ታዲያ ለምን ጮህክ?"

"አይሆነኝም ብለሽ ትተዪልኛለሽ ብዬ ነው። ሌላ አላሰብኩም። ከዚያ የጆሮሽ ነገር መጣ፣ ጸሎቱ መጣ፣ መመለሻ አጣሁ።"

"የጆሮዬን ነገር ያመጣኸው አንተ ነህ።"

ዳና ተጠጋና እጇን ያዘ። "ጣቢ፣ ስሚኝ። አሁን ትሰሚያለሽ አይደል? እሁድ ቁሚና ጌታ ፈወሰኝ በይ። ጉባኤው ደስ ይለዋል፣ የእናቶቹም ጾም ከንቱ አይቀርም። ማንም አይጎዳም። ማዳመጫውን እመልስልሻለሁ።"

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። "ብትለምነኝ እሰጥህ ነበር እኮ" አለችው። "አንተ ጆሮዬን በቁሙ ቀበርከው፤ ቀብሩ ላይም ከሰው ሁሉ አብልጠህ አለቀስክ።"

እሁድ መጣ። ጣቢታ ገና ቦታዋ ሳትቀመጥ መጋቢ እሸቴ "እህታችን ታላቅ ምስክርነት አላት፤ ወንድም ዳና አብስሮኛል" አሉ። ቀድሟት ነግሮላታል! እልልታው ቤቱን ሞላው። ከኋላ እናቶቹ "ተመስገን! ተመስገን!" ሲሉ ሰማች። የጾሙት እነሱ ናቸው። አንዲት ቃል ብትል ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል፣ እሷም ወንድም አታጣም። ማይክሮፎኑን እጇ ላይ አስጨበጧት።

"ጆሮዬ አልተፈወሰም" አለች።

ከኋላ አንዲት እናት "ምን አለች?" ስትል ተሰማ።

"ቀድሞም አልታመመም ነበር። የታመመ መስሎኝ በከንቱ አስጾምኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ። ጤነኛ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን እዚህ መካከላችን አለ። ስሙን አልጠራም። እሱ ራሱ ቢናገር ይሻላል።"

ማይክሮፎኑን ወደ ኪቦርዱ በኩል ዘረጋች። በዝግታ ሲሰማ የነበረው ዜማ ተቋረጠ፣ ወንበር ተገፋ፣ ጫማ ረገጠ። ወደ እሷ የመጣ መሰላትና ክንዷን ይበልጥ ዘረጋች። ያኔ እንኳ፣ ቢመጣና ቢናገር፣ ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። የጎን በሩ ማጠፊያ ጮኸ። ሰዉ ገና "ማን ነው? ማንን ነው የምትለው?" እየተባባለ ነው። ጣቢታ ክንዷን እንደዘረጋች የዳና እርምጃ የግቢውን ጠጠር እየፈጠነ ሲያቋርጥ ሰማች፤ ጠጠሩ አልቆ አስፋልቱ ሲጀምርም ሰማች።